ሠላሳ ሁለት ፀሐይ

«ቀዳዳዎቼን መልስልኝ! አሁኑኑ! ሠላሳ ሁለት ነበሩ፤ ሠላሳ ሁለቱንም ቆጥረህ መልስልኝ!»

አክስቴ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ የስፌት ቤቷ በር ላይ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ሽቅብ ትጮሃለች። ሽቅብ የሆነው ባሏ ጣራ ላይ ስለሆነ ነው። ባንድ እጁ የሬንጅ ጣሳ፣ በሌላው ብሩሽ ይዟል። ፊቱ ላይ ሚስቱን ላስደስት ብሎ በጠዋት የተነሳ ሰው ፈገግታ ነበር፤ መግቢያ አጥቶ እዚያው ደርቋል።

«ሴትዮ፣ ደህና አደርሽ? ሰባት ዓመት ሙሉ ‹ድፈን ድፈን› ስትዪኝ ኖረሽ ዛሬ ብደፍን ‹መልስ›?»

«ዛሬ ነዋ! ከሰባት ዓመት ውስጥ መርጠህ መርጠህ ዛሬን!»

«ጣራ መድፈን ደግሞ ቀን አለው እንዴ?»

«አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጋረዳለች፤ አንተ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐዬን ትለስንብኛለህ!»

«ፀሐይዋ እዚሁ አለች፤ ይኸው አናቴን እያቃጠለችኝ ነው።»

«የሰማዩን አላልኩህም፤ የኔን ነው!»

እሱ ወደኔ አየ። እኔ ወደ ካውያዬ አየሁ። ካውያው ገና አልሞቀም፤ እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ግያለሁ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የጣራውን ነገር ስሙ።

የአክስቴ ባል ጣራ ሠሪ ነው። እሱ ያልረገጠው ጣራ ሰፈሩ ውስጥ የለም፤ እዚያ ላይ መንገዱን ከሱ በላይ የሚያውቁት ድመቶቹ ብቻ ናቸው። የሰው ጣራ ሲሠራ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። የሚስቱን የስፌት ቤት ግን የከደነው ከየሰዉ ቤት ነቅሎ ባወረደው አሮጌ ቆርቆሮ ነው። አሮጌ ቆርቆሮ ደግሞ የድሮ ምስማሩን ቀዳዳ ይዞ ይመጣል። «ለጊዜው ነው» ብሏት ነበር። ጊዜው ሰባት ዓመት ሞላው።

ዝናብ ሲመጣ ጣሳ፣ ባልዲና ድስት እንደረድራለን። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ ወለሉ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ስፌት መኪናው ላይ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ክብ ክብ ብርሃን ይበተናል። አንዴ አክስቴ በጥቁር ጨርቅ ላይ የወደቀውን ብርሃን በሳሙና ያሰመረችው የመቅደጃ ምልክት መስሏት የሰው ኮት ደረቱ ላይ ቀድዳለች። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳዎቹን ትቆጥራቸዋለች። ስትጮህ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ «ሠላሳ»ን ወደ ታች ታወርደዋለች፣ «ሁለት»ን ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ትሰቅለዋለች። እኔ ይሄን ድምጿን አሳምሬ አስመስለዋለሁ። ጣጣውም እሱ ነው።

አክስቴ የምትሰፋው በአንድ ዓይን ነው። ሁለቱም ክፍት ናቸው፣ ሁለቱም ያምራሉ፤ ቀኙ ግን መሃሉ ተቃጥሏል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለች ፀሐይ ተጋረደች። «እንዳታዩ» ተብሎ ልጆች ሁሉ ቤት ተዘጋባቸው። እሷ ደግሞ «እንዳታዩ» የተባለ ነገር ቀርቶ «ተዪው» የተባለ ክር እንኳ አትተውም። ግራ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀኙን በር ስንጥቅ ላይ ለጥፋ ሰማይ ሰማዩን አየች።

«ምንም አላመመኝም» ትላለች፤ ሁሌ እዚህ ጋ ስትደርስ መኪናውን ታቆማለች። «ቢያመኝማ ዞር እል ነበር። ዓይን ከውስጥ፣ ያ የሚያየው ቦታ፣ ማመም አያውቅም። እየተቃጠለ ዝም ይላል።»

ያየችውም ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው። እናቷ በጆሮዋ ጎትታ ወሰደቻት። በማግስቱ በቀኝ ዓይኗ ስታይ እናቷ አፍንጫ የላትም። አባቷም የለውም። እስከዛሬ በዚያ ዓይን ያየችው ሰው ሁሉ መሃል ፊቱ ጭጋግ ነው።

ደንበኛ ሲጠይቃት በቀልድ ነው የምትመልሰው። «ባሌን የመረጥኩት በቀኝ ዓይኔ ነው። አፍንጫውን ያየሁት ከሠርጉ በኋላ ነው።»

ባሏም አያልፋትም፦ «እኔ ደግሞ ምላሷን ያየሁት ከሠርጉ በኋላ ነው።»

ቀልዱ ቀልድ ነው። ብቻዋን ስትሆን የምትለው ግን ሌላ ነው። «ዓይኔን ከፈልኩበት፤ ዕቃውን ግን አልተረከብኩም። ግርዶሽ ምን እንደሚመስል እስከዛሬ አላውቅም።» ራዲዮ «ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ በከፊል ትጋረዳለች» ያለ ቀን መርፌዋን እንደያዘች ዝም አለች። ዝም ያለች አክስቴ ከምትጮኸዋ አክስቴ በላይ ታስፈራለች። ሦስት ቀን ስለ ጣራው ቃል አልወጣትም።

ባሏ ደነገጠ። ከበያጅ ጓደኛው የብየዳ መስታወት በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። «ይኸው፣ በዚህ እዪ። ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ እሳት ያይበታል።»

አልነካችውም። «አንድ ዓይን ነው የቀረኝ» አለችው። «በጓደኛህ መስታወት አላስይዛትም።» መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ረቡዕ ቀን ቲቸር መጣ። ቲቸር የምንለው ሱሪው ሁሌ ጉልበቱ ላይ ጠመኔ ያለበት የሳይንስ አስተማሪ ነው፤ የሱሪ እግር ሊያሳጥር ይመጣል። በአፍንጫው ነው የሚያወራው፤ «ማ...ለት ነው» ሲል መሃሉ ላይ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። መስታወቱን አንስቶ ጠርዙን አነበበ።

«ይሄ ዐሥር ቁጥር ነው። ለብየዳ ይበቃል፤ ለፀሐይ አይበቃም። ለፀሐይ ዐሥራ አራት ቁጥር ነው የሚባለው።»

«ጥቁር ነው እኮ ቲቸር!» አልኩት።

«ጥቁረቱ አይሸውድሽ። ማ...ለት ነው፣ የሚያቃጥለው የምናየው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ የማናየውም አለ። የፀሐይ መነጽር ብትደራርቢ፣ መስታወት ጥላሸት ብትቀቢ፣ የድሮ ፊልም ብትይዢ፣ ስላደበዘዘልሽ የከለለልሽ ይመስልሻል። እንዲያውም ስለማያንጸባርቅብሽ አፍጥጠሽ ትቆያለሽ። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር አለ፤ ለኛ ትምህርት ቤት የደረሰን ዐሥር ነው። ተማሪዎቼ አርባ ናቸው።»

አክስቴ ሱሪውን እየቀመቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «እንግዲያው ሳላየው ልሙት በለኛ ቲቸርዬ» አለች። ድምጿ ቀልድ አልነበረውም።

ቲቸር መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ዓይኑ ወለሉ ላይ ቀረ።

«እናቴ፣ እነዚህ ክብ ክቦች ምንድን ናቸው?»

«የባሌ ሙያ ነው።»

«አይደለም፤ ቅርጻቸውን ነው። ቀዳዳዎቹ ምን ዓይነት ናቸው?»

«ምን አባታቸው አውቄ! አንዱ ክብ፣ አንዱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን።»

«ታዲያ ወለሉ ላይ ሲወርዱ ሁሉም ለምን ክብ ሆኑ?»

አክስቴ መርፌዋን ሱሪው ላይ ሰክታ ወለሉ ላይ ጎንበስ አለች። ይሄን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሰባት ዓመት ቆጥራቸዋለች፣ ረግማቸዋለች፣ በጣሳ አሳዳቸዋለች፤ ለምን ክብ እንደሆኑ አንድ ቀን አልጠየቀችም።

«የቀዳዳው ቅርጽ ስላልሆነ ነው» አለ ቲቸር። «ወለሉ ላይ ያለው የፀሐይዋ ምስል ነው። እርስዎ ቤት ሠላሳ ሁለት ትንንሽ ፀሐይ አለ።»

አክስቴ ሰው ስለነገራት አታምንም። ልብስ የምትቆርጥበትን ካርቶን አነሳች፣ በመቀሷ ጫፍ ሚጢጢ ሦስት ማዕዘን በሳች፣ እኔን ግቢ አውጥታ በርጩማ ላይ አቆመችኝ። ካርቶኑን መሬት አጠገብ ስይዘው፣ ጥላው መሃል ያለው ብርሃን ሦስት ማዕዘን ነው። «ከፍ አድርጊ! ከፍ!» ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ሰቀልኩት። ሦስት ማዕዘኑ ቀስ እያለ ማዕዘኖቹን ዋጠ፤ ክብ ሆነ።

«ኧረ ተይ!» አለች፤ ለኔ ይሁን ለፀሐይዋ እንጃ።

«ነገ ጨረቃ ፀሐይዋ ላይ ስትገባ፣ እያንዳንዱ ክብ ከጠርዙ ይጎድላል፤ ምስሉ ግን ተገልብጦ ነው የሚወርደው» አለ ቲቸር። «ነጭ ነገር ያንጥፉ፣ በርና መስኮት ይዝጉ፣ ጎንበስ ብለው ይዩ። ሰማይ ማየት አያስፈልግዎትም። የሚያዩት ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ዓይን አያቃጥልም።»

«ጨረቃ ያን ሁሉ ፀሐይ በምን አቅሟ ትሸፍነዋለች?»

ከጠረጴዛው የሸሚዝ ቁልፍ አነሳ። «ይቺን ዓይንዎ አጠገብ ቢይዟት ያንን በር ትከልለዋለች። ቁልፏ ትንሽ ናት፤ ግን ቅርብ ናት። ፀሐይ በስፋት ከጨረቃ አራት መቶ እጥፍ ገደማ ትበልጣለች፤ የምትርቀውም አራት መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሲያዩአቸው እኩያ ይመስላሉ።»

«ታዲያ በየወሩ ለምን አትከልላትም?»

«መንገዷ ትንሽ ዘመም ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በላይ ወይ በታች ታልፋታለች። የሚገጣጠሙት አልፎ አልፎ ነው።»

«እንደዚች ልጅ የተንጋደደ ስፌት» አለች አክስቴ፣ ወደኔ እያየች። ተሰደብኩ፤ ግን ገባኝ። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪዬ እንዲህ በስድብ ቢያስረዳኝ ኖሮ ስምንተኛ እገባ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት አክስቴ እየዘፈነች ዋለች። ማታ ለባሏ ልትነግረው ፈልጋ ተወችው፤ «ነገ በራሱ ቀዳዳ አሳየዋለሁ» አለች።

እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? አመሻሽ ላይ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ትታ ጎረቤት ስትሄድ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ለባሏ ደወልኩ። «ሠላሳ ሁለት ቀዳዳ! ነገ በጠዋት ካልደፈንከው ከድመቶቹ ጋር ጣራ ላይ ነው ራትህን የምትበላው!» ሁሌ እቀልድበታለሁ፤ ሁሌ ሦስተኛው ቃል ላይ ያውቀኛል። ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር፣ ጎኑ መዶሻ ይጮሃል። «እሺ» ብሎ ዘጋው። እኔም ቀልዱን ያወቀ መስሎኝ ስቄ ረሳሁት። እሱ ግን ማታ ትንፍሽ አላለም፤ ነገ ላስደንቃት ብሎ። ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ እየተደባበቁ አደሩ።

ይኸውላችሁ። የሰባት ዓመት እውነተኛ ጩኸት ያልሠራውን የኔ የውሸት ጩኸት ባንድ ሌሊት አሠራው።

«አንቺ ነሽ ደውለሽ ያዘዝሽኝ!» አለ ባሏ ከጣራው።

«እኔ? መቼ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ከካውያው ጀርባ።

አክስቴ የመርፌ ትራሷን ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። በቀኝ ዓይኗ አነጣጥራ መሆን አለበት፤ አፍንጫዬን አጥታው።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ካላየሁት መቼ አየዋለሁ?» አለችው። ጩኸቱ ሁሉ ያላደረገውን ይቺ አደረገች። ብሩሹን አስቀመጠ።

«እኔ በሕይወቴ ደህና ጣራ በስቼ አላውቅም» እያለ ምስማርና መዶሻ አነሳ። ሬንጁ እርጥብ ስለነበር እሺ አለው። እሷ ውስጥ ነጩን የኮት ገበር ጨርቅ ወለሉ ላይ አንጥፋ ትቆጥራለች፣ እሱ ላይ ሆኖ ይበሳል።

«ሠላሳ አንድ! አንድ ይቀራል!»

«ሠላሳ አንድ ፀሐይ አይበቃሽም?»

«ሠላሳ ሁለት!»

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ተበስቶ አለቀ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን፣ በሩን ዘጋን። ጎረቤቶች ሰምተው መጥተው ግድግዳ ታከው ቆሙ። አክስቴ «ቀና ያለ ሰው ዳግመኛ ልብስ አልሰፋለትም» ብላ አወጀች። ሁሉም ጎንበስ አለ።

መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። መኪናው እግር ሥር ያለው ክብ፣ በበሩ በኩል፣ ጠርዙ ጎደለ። ልጅ የነከሰው ብስኩት በሉት። ከዚያ ጎኑ ያለው። ከዚያ ዘወር ስንል ሁሉም፤ ሠላሳ ሁለቱም በአንድ በኩል ተነክሰዋል። ንክሻው እየገፋ እየገፋ ሄዶ ወለሉ ሙሉ የጥፍር ቁራጭ የመሰለ ብርሃን ሆነ። ቤቱም ዓይነቱ ያልታወቀ ድንግዝግዝ ሆነ፤ ማለዳም ማምሻም ያልሆነ።

አክስቴ ተንበርክካ ፊቷን ወደ ጨርቁ አስጠጋች። በግራ ዓይኗ አየች። ከዚያ ግራውን ጨፍና በቀኙ። ብዙ ቆየች።

«እትዬ?» አልኳት።

«መሃሉን አላየውም» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ደግሞ መሃል የለውም። ጠርዝ ብቻ ነው።» ሳቀች። «ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በዚህ ዓይኔ ያየሁት ነገር ሁሉ ይጎድለዋል። ይሄ ብቻ አልጎደለብኝም።»

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ጣራ ሠሪዎች ሲያለቅሱ እንደዚያ ነው። ከዚያ እሷ ሰማያዊ ሳሙናዋን አውጥታ እያንዳንዱን ብርሃን ዙሪያውን አሰመረችበት፤ ልክ እንደ እጅጌ ልኬት።

እሱ ዝም ብሎ ቢቀር ቀኑ በሰላም ያልቅ ነበር።

«እንዴት ነው በበሩ በኩል የመጣችው ጨረቃዋ?» አለ።

«በበሩ አይደለም። በመስኮቱ በኩል ነው የመጣችው።»

«ይኸው ጨርቅሽ! በበሩ በኩል ነው የተነከሰው!»

«ተገልብጦ ነዋ የሚወርደው!» መቀሷን ከፍታ አሳየችው። «ብርሃኑ ቀዳዳው ላይ እንደ መቀስ ይተላለፋል። የበሩ ወደ መስኮት፣ የመስኮቱ ወደ በር።»

«ቆርቆሮው የኔ፣ ቀዳዳው የኔ፣ ሁለቴ የበሳሁት እኔ! አይገለበጥም!»

«ትወራረዳለህ?»

«እወራረዳለሁ! ከተገለበጠ ጣራሽን ባዲስ ቆርቆሮ እከድናለሁ። ካልተገለበጠ ስለ ጣራ ዕድሜ ልክሽን ቃል አይወጣሽም።»

ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። እጅ ለእጅ ተመታቱ። «ዳኛው ያየ ሰው ነው» አለ እሱ። «በወሬ አይሆንም፤ ያየ ይመስክር።» ብሎም መደርደሪያው ላይ ያለውን ዐሥር ቁጥር ላፍ አድርጎ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ስንደርስበት መሰላሉ ላይ ነው፤ ጀርባው ለፀሐይዋ፣ መስታወቱ በእጁ፣ ሊዞር።

«ውረድ! እንዳትዞር! ውረድ ብዬሃለሁ!» ጮኸች አክስቴ።

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት ሸወድሽኝ፤ ዛሬ አትሸውጂኝም» አለ ሳይዞር። እኔ መስዬው ነው! «እሷ ከጨርቋ ላይ አትነሳም።»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ! እሷ ናት!» አልኩ። ይባስ አለ፤ እኔም «እኔ አይደለሁም» ስል ሁሌ እኔ ነኛ።

መስታወቱን ወደ ዓይኑ ሲያነሳ አክስቴ መሰላሉ ላይ ሁለት ደረጃ ወጥታ የሱሪውን እግር በሁለት እጇ ጨብጣ ጎተተች። ቸርርር አለ ስፌቱ፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት። እንደዚያ የሚጎትት እጅ የኔ እንዳልሆነ ያኔ ገባው። ቁልቁል አየ።

«ሱሪዬን! አንቺ ራስሽ የሰፋሽውን!»

«ሱሪ ይሰፋል!» አለች እያለከለከች። «ዓይን አይሰፋም! አንተም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነህ? እዚህ ቤት አንድ የተቃጠለ ዓይን ይበቃል!»

ወረደ። መስታወቱን በእጇ አስረከባት። «ለጓደኛህ መልስለት፤ ብረት ይይበት» ብላ መልሳ ሰጠችው። ከዚያ በር ላይ አስቀምጣ፣ ሱሪው እግሩ ላይ እንዳለ ሰፋችለት። ውስጥ ጨርቁ ላይ ፀሐዮቹ ቀስ በቀስ ሞሉ።

ቅዳሜ ቲቸር ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ሳይቀመጥ ሁለቱም ተሻምተው ያዙት። ጨረቃዋ በየት በኩል ገባች?

«እኔማ መች አየሁ!» አለ። «ዐሥር መነጽር ለአርባ ልጅ። ተራ ያልደረሰውን አንገቱን ስደፋ፣ አንዱን ስለቀው አንዱ ቀና ሲል፣ አለቀ። ልጆቹን ብጠይቅ ግማሹ ‹በቀኝ› ግማሹ ‹በግራ› አለኝ። ቀኝና ግራቸውን እንደገና ማስተማር ሊኖርብኝ ነው። በሳይንስ ግን፣ ማ...ለት ነው፣ ይገለበጣል። በሻማ ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ሰማሃ!» አለች አክስቴ።

«ሻማ ፀሐይ ነው እንዴ? ውላችን ‹ያየ ይመስክር› ነው። ሳይንስ ጣራ ላይ ወጥቶ ያውቃል? ቲቸር፣ ቀጣዩ መቼ ነው?»

«እዚህ የሚታየው? ዐሥራ አንድ ዓመት ይቀረዋል።»

ባሏ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። «እንግዲህ እስከዚያ ጣራው አይነካም። ውርርድ ያለበት ንብረት ነው።»

ሰማዩ ጉም ጉም ሲል ቆይቶ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ውስጥ፣ ስፌት መኪናው ላይ፣ ጠብ። እኔ ጣሳዎቹን ላመጣ ተነሳሁ። አክስቴ ሳሙና የተሰመረበትን ገበር አጥፋ ከፍ አድርጋ ሰቀለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ባሏም እኔም ጠበቅን።

«ሠላሳ ሁለት» አለች፤ ሁለቱንም ቃል ዝቅ አድርጋ። «አንዷን ብትነካ፣ ውርርዱን እንደበላሁ ነው የምቆጥረው።»

«አልተበላም! ዐሥራ አንድ ዓመት ይቀራል!»

«ድስቱን ወደዚህ ግፋ» አለችው።